በረንዳ ላይ የቆመ ጎጆ

ዝናብ የነካው ሱፍ ሽታው ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም። ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን እዚህ ያቭነ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ካለችው ቦይዴም፣ የማንጥለውንም የማንፈልገውንም ዕቃ ከምናጭቅባት ከዚያች ጠባብ ጉድጓድ፣ ግራጫውን ብርድ ልብስ አወረድኩና ውጪ ሽቦ ላይ አሰጣሁት። ሳላስተውል ካፊያ መታው። ላነሳው ስወጣ ሽታው ፊቴን አለኝ፤ እናቴ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝና ዞር አልኩ። ማንም የለም። እምዬ ካረፈች ስንት ክረምት አልፏል፤ ብርድ ልብሱ ግን ዛሬም እሷን እሷን ይሸታል። ያወረድኩት ለልጄ ለኤላድ ነበር። ከጦሩ ተመልሷል፤ አሁን የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ መተኛት አልቻለም፤ እኔም እሱን ሳጣው የሚታየኝ ስለሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ስለሱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ይዞኝ የሄደበትን ልናገር።

ብርድ ልብሱን ያደሉን መርካዝ ክሊታ ነው፣ እዚህ አገር ስንገባ መጀመሪያ ያረፍንበት ማረፊያ። ለሰው አንድ አንድ ነበር። ከዚያ ወጥተን ቂርያት ማላኪ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲሰጡን ቤቱ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነበረው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ስናገር ድምፄ የሚመለስልኝ ዓይነት ባዶ። የቀረውን እምዬ ሠራችው። ከወይራ ፋብሪካ የሚጣለውን ትልልቅ ቆርቆሮ እየሰበሰበች ጤና አዳምና በሶብላ ዘራችበት፣ መስኮቱ ሁሉ አገር አገር አለ። አንድ የሞተ ፍሪጅ ከመንገድ አስመጥታ በጀርባው አስተኛችውና የማሽላ ጎተራ አደረገችው፤ «አይጥ ከቻለች ትክፈተው» ትል ነበር። ተጥሎ ያገኘችውን የልብስ መተኮሻ ሰሌዳ ዝቅ አድርጋ፣ ጋቢ አልብሳ የእንግዳ መደብ አደረገችው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ለተጣሉ ባልና ሚስት ሽምግልና መጥተው ተቀመጡበትና «ልጆቼ፣ ዋናው ነገር መታገሥ ነው» እያሉ ሳለ ከነነጠላቸው ቀስ ብለው ወደ ወለሉ ወረዱ። ማንም አልሳቀም። እሳቸውም እንደ ተቀመጡ ነገሩን ከወለሉ ላይ ጨረሱት፤ ባልና ሚስቱም ታረቁ።

ለገበያ የምትሄደው በልጅ መግፊያ ጋሪ ነበር፣ ሕፃን የሌለበት። ገበያው ሊነሣ ሲል ትደርሳለች፤ ያን ጊዜ ነጋዴው እየጮኸ በአንድ ሼቄል የፈሰሰውን ቲማቲም እፈሱ ይላል። እሷም ጋሪውን ሞልታ፣ ከላይ ነጠላ አልብሳ ስትገፋ፣ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሕፃኑን ሊያዩ ይመጡና ቲማቲም ያያሉ። አውቶቡስ መናኸሪያው ጥግ ላይ የሱፍ ፍሬና ቡሬካስ፣ አይብ የታጨቀበት ትኩስ ዳቦ፣ የሚሸጥባት ሱቅ ነበረች፤ የኛ ወጣቶች እዚያ ነበር የሚቆሙት፣ ከዕርዳታ ክምር የተመረጠ ጂንስ ለብሰው፣ ባትሪው እየደከመ መሲንቆውን የሚያስረዝም ቴፕ ይዘው። እኔ የነበረኝ ቀይ የፕላስቲክ ጫማና የሌላ ልጅ ካፖርት ነበር። የአባባ ኮት ደግሞ በኮሌታው ውስጥ የማናውቀው ሰው ስም ተሰፍቶበት ነበር። አባባ ስሙን መፍታት እምቢ አለ። «ሰውየው ቢሞትም ስሙ ይሙቀው» አለ። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው፣ በብርቱካን ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፈ። ትምህርት ቤቱ ብዙም አልያዘኝም፤ ቶሎ ብርቱካን ማሸጊያ ገባሁ፣ ካርቶኑን ራሱን ላጥፍ።

ብርድ ልብሱ ግን ሌላ ሥራ ነበረው። በአገራችን፣ በኛ ወገን ሥርዓት፣ ሴት ወሯ ሲመጣ ከቤት ወጥታ የመርገም ጎጆ ትገባለች። ከመንደሩ ዳር ያለች ትንሽ ጎጆ ናት፣ ዙሪያዋን ድንጋይ ይደረደርላታል። ከድንጋዩ ወዲያ ማንም አይነካትም፤ ምግቧን ድንጋዩ ጋ አስቀምጦ ይመለሳል። ቀኗ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ትታጠብና ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታዲያ ዳሩ የት ነው? መጀመሪያ ሰሞን እምዬ ደረጃው ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ሆነች ይቺ ሴትዮ» እያለ ይሻገራታል። በኋላ በረንዳውን አየችው። ግራጫውን ብርድ ልብስ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ወጥራ ግድግዳ አደረገችው፤ ቤት ከሚሠራበት ቦታ የወለል ንጣፍ ስባሪ ለቅማ በበሩ ደፍ ላይ ደረደረችው። ድንጋዩ እሱ ሆነ። አንድ ፍራሽ፣ የራሷ ሳሕን፣ የራሷ ኩባያ። እኔ ምግቧን ስባሪው ጋ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ እሷ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ሆና ወጡ እንዴት እንደሚቁላላ ታዝዘኛለች። ምግብ መሥራት የተማርኩት እንደዚያ ነው፣ እናቴን ሳላያት።

ከጎናችን ባለው በረንዳ ፎርቱና የምትባል የሞሮኮ ሴት ነበረች፣ ድምፅዋ ከመስኮቷ መዝጊያ በፊት የሚከፈት። ሁለተኛው ወር ላይ ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አባባን በመስኮት። «ሚስትህን እንደ ውሻ ውጪ ጥለህ አንተ ሻይ ትጠጣለህ?»

አባባ የያኔ ዕብራይስጡ አንድ ቃል ነበር። «ቤሰደር» አላት፤ ሁሉ ደህና ነው ማለቱ ነው።

«ምኑ ነው ቤሰደር?»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር» አላት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሴትዮዋ ፖሊስ ልትጠራ ደረሰች። እኔ ገብቼ ለእምዬ ምን እንደምትል ነገርኳት። እምዬ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ሳቀች። «እሱ አላስወጣኝም በያት። እኔ ነኝ ጥያቸው የወጣሁት። ድስት የለ፣ ልብስ አጠባ የለ፣ ባል የለ፣ ልጅ የለ፤ ተኝቼ ሰማይ አያለሁ በያት።»

ነገርኳት። ፎርቱና የሱፍ ፍሬዋን ቅርፊት ተፋችና፣ «ለስንት ቀን ነው?» አለች። ነገርኳት። «ንገሪያት» አለች፣ «ለኔም ቦታ ትያዝልኝ።» ከዚያ ወዲህ እምዬ በወጣች ቁጥር ፎርቱናም የራሷ በረንዳ ላይ ወንበር ታወጣለች፤ አንዷ በአረብኛ ሌላዋ በአማርኛ ያወራሉ፤ ምን እንደሚባባሉ እግዜር ይወቅ፤ ሳቃቸው ግን አንድ ነበር።

ከዚያ የጭምብሉ ክረምት መጣ። ዓመቱን መጥራት አያስፈልግም፣ የነበረ ያውቀዋል። መርዝ ጋዝ የጫነ ሚሳይል ይመጣል ተብሎ፣ ሳይረን ሲጮኽ አንድ ክፍል ገብቶ በሩን በፕላስተር ማሸግ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ መጎስጎስ፣ ጭምብል ማጥለቅ ነበር። አንድ ምሽት ራት ሳንበላ ጮኸ። እኛ ልጆቹ ገባን። እምዬ በረንዳ ላይ ነበረች፣ በቀኗ።

«ግቢ እንጂ» አላት አባባ።

«አልገባም። ልጆቹ ጋ አልገባም።»

«ሞት ሲመጣ ደግሞ ምን መርገም አለ?»

«ሞት ከመጣማ ንጹሕ ሆናችሁ ያግኛችሁ።»

አባባ በሩ ላይ ቆመ። ወደ እኛ ያያል፣ ወደ እሷ ያያል። ከዚያ መስኮቱን ከሸፈንበት የተረፈውን ላስቲክና ፕላስተሩን አነሣና ወጣ፤ በረንዳው ላይ እሷን መሀል አድርጎ ከወለሉ እስከ ሽቦው ላስቲኩን ዙሪያዋን ሸፈነው። ሳይረኑ እየጮኸ ፕላስተሩን በጥርሱ ይቆርጣል። ለሷ ለብቻዋ የታሸገ ክፍል ሠራላት። ጨርሶ ሲገባ እኔ ከክፍሉ ወደ በረንዳው በሚያሳየው መስተዋት አየኋት። ላስቲኩ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ጭምብሉ ኩምቢ እንዳለው አውሬ አስመስሏታል፤ ትንፋሿ ላስቲኩን እያደበዘዘው ቀስ በቀስ ጠፋች። በመጨረሻ የቀረው እጇ ነበር፣ ላስቲኩ ላይ የተለጠፈ መዳፍ። ያ ምሽት በሰላም አለፈ፤ እሷም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። መዳፉ ግን ከኔ ጋር ቀረ። ሕልሜ ውስጥ ይመጣል፣ ያለ ሰው።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ጎጆዋ ሌላ ሰው አስተናገደች። ከታች ፎቅ የሚኖር የአገራችን ሽማግሌ ሞተና አባባ ሬሳውን ሲያነሣ ዋለ። ሲመለስ በሩን አልነካም። ደረጃው ላይ ቆሞ እምዬን ጠራት። በአገራችን ሬሳ የነካ ሰውም እንደዚያው ነው፤ ቀኑ እስኪሞላ ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ወንድ ቢሆን፣ ትልቅ ሰው ቢሆን። «በረንዳሽን አውሺኝ» አላት። እሷም ብርድ ልብሱን ወጠረችለት፣ ሳሕኑን ስባሪው ጋ አስቀመጠችለት። አባባ ያን ሰሞን አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ማንም «ምን ሆነህ ነው፣ ግባ እንጂ፣ ተጫወት እንጂ» አላለውም። ቀኑ ሲሞላ ታጥቦ ገባና፣ ሽሮ ይዤ ስመጣ፣ «ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ያኔ መመለሱን አወቅን።

አሁን ወደ ልጄ። ኤላድ ረጅም ነው፣ አባቱን ይመስላል፤ አባቱ ከተለየን ቆይቷል። እኔን በዕብራይስጥ «ኢማ» ይለኛል፣ እናቴ ማለት ነው። ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ጠርተውት ሄደ፤ ተመለሰ። የሚሠራው ሥራ ምን እንደነበረ አልነገረኝም። አንድ ጓደኛው ነው ደጅ ላይ ቆሞ በግማሽ አፉ የነገረኝ፤ የወደቁትን የሚያነሡት እነሱ ነበሩ። ከተመለሰ በኋላ ማማድ፣ ያ ወፍራም ግድግዳ ያለው የመጠለያ ክፍል፣ ሳይረን ቢጮኽም አይገባም፤ በሩ ሲዘጋ መሞት ይመስለዋል። ሳሎኑ ወለል ላይ ይተኛ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ልስጠው ብዬ ትከሻውን ነካሁት። እጄን ይዞ ጠመዘዘኝ። ዓይኑ ተገልጧል፣ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም። ሲያየኝ ለቀቀኝና የራሱን እጅ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አየው።

«ሁለተኛ እንዳትነኪኝ፣ ኢማ» አለኝ። «እጄ ንጹሕ አይደለም።»

በዚያው ወደ በረንዳው ወጣ፤ አልተመለሰም። ቤታችን ምድር ላይ ነው፣ በረንዳው ከመሬት እምብዛም ከፍ አይልም፤ ይሄን ነው ለራሴ ደጋግሜ የምነግረው። በመስተዋቱ በር አየዋለሁ፣ እሱም እንደማየው ያውቃል፤ ስቀርብ ጀርባውን ይሰጠኛል። ልጄ ሺራ ከጌዴራ ትደውላለች። እሷ የተማረች ናት፣ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ለወንድሟ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያስያዘችለት እሷ ናት፤ ቀኑ ግን ሩቅ ነው።

«ቢላዎቹን ደብቂ፣ ኢማ» አለችኝ። «መድኃኒቱንም። ገመድም።»

ደበቅኩ። ቢላ፣ መቀስ፣ የአባባ መጋዝ፣ የድሮው ቀበቶ፣ ሁሉንም ቦይዴም ከተትኩ። ሽንኩርት በማንኪያ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም። በዚያ ላይ ሌት ተቀን ጆሮዬ በረንዳው ላይ ነው። ሲያስል ደስ ይለኛል፤ ዝም ሲል ግን ተነሥቼ በሩ ጋ እቆማለሁ። እዚያ ጨለማ ውስጥ አንዳንዴ እሱ ሳይሆን እናቴ የተቀመጠች ይመስለኛል፣ ጭምብሏን አጥልቃ፤ መዳፍ አያለሁ።

ያን የብርድ ልብሱን ሽታ ያሸተትኩ ዕለት ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ «ግባ፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ተጫወት» ይለዋል፤ እኔም ጭምር። አባባን ማን እንዲህ አለው? ልጄ ሬሳ አንሥቶ መጥቶ ዳር የሚሆን ቦታ አጣ። በዚያው ከሰዓት ቆሻሻ መጣያው ጋ የተጣለ ቁም ሣጥን አየሁ፣ ሁለት ሰፋፊ በር ያለው። በሮቹን ነቅዬ አንድ በአንድ ጎተትኩና አመጣሁ። የመስተዋቱን በር ወደ ጎን ገፋሁ፤ በቦታው ሁለቱን የሣጥን በሮች አቆምኩ፤ በሽቦና በብሎን አሰርኩ፤ ከሥሩ ሳሕን የሚያሳልፍ ክፍተት ተውኩ። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍት ብርድ ልብሱን ወጠርኩበት። ኤላድ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤት» አልኩት። «እዚህ ማንም አይገባብህም። እኔም አልገባም። ስፈልግህ አልጠራህም፤ ስትፈልገኝ ግን አለሁ። ሥራ ስወጣ በደጁ በር ዞረህ ግባ፤ ቤቱ ያንተ ነው፣ ውሃም አለ።»

ጠጋ አለ። ከዚያ ራሱ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ይዞ አጠበቀው።

ሺራ ስትሰማ ጮኸችብኝ። «በጣውላ ዘጋሽበት? ኢማ፣ ይሄ የአያቴ ዘመን አይደለም። ብቻውን መተው የለበትም።»

«ብቻውን አይደለም» አልኳት። «እኔ ከጣውላው ወዲህ ነኝ።»

እንዲህ ብዬ ተናገርኩ እንጂ ፈርቼ ነበር፤ አሁንም ፈርቻለሁ። ሳሕኑን ከሥር እገፋለሁ፤ ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ። የሚመልስ ሰው ሳልፈልግ አወራለሁ፤ ስለ ፍሪጁ ጎተራ፣ ስለ ፎርቱና፣ ከመደቡ ስለወረዱት ሽማግሌ። ሳሕኑ መጀመሪያ እንደ ሄደ ይመለስ ነበር። ከዚያ ግማሹ፤ ከዚያ ባዶው። አንድ ቀን የሽማግሌውን ነገር ሳወራ ከወዲያ አንድ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም፤ ሳቅ ነው ብዬ ያዝኩት።

ትናንት ከሰዓት፣ ፀሐይ እያለ፣ «ኢማ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። «መጋዝ አለን?»

«ለምን?» ማለት አልፈለግሁም፤ ቃሉ ግን ጥርሴ ላይ ነበር። «አያለሁ» አልኩትና ወጥቤቱ ገብቼ ለሺራ ደወልኩ።

«አትስጪው» አለች። «መኪና ውስጥ ነኝ፣ አሁን እመጣለሁ። ያላ፣ ኢማ፣ ስሚኝ፤ እስክመጣ አትስጪው።»

ስልኩን ዘግቼ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ቦይዴም ውስጥ እጄን ከትቼ ብዙ ቆየሁ። ልጅ የጠየቀውን ከልክዬው ከዚያ ምን ብዬ ላወራው ነው? ሰጥቼውስ? አባባ ያኔ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኛና ወደ እሷ ሲያይ ምን እንዳሰበ ያን ጊዜ አወቅኩ። መጋዙን አወረድኩ። ወደ ጣውላው ሄጄ እጀታውን ወደሱ አዙሬ ከሥር ገፋሁት። ወሰደው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ እንጨት ይፋቅ ጀመር፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የሚሞክር ሰው አፋፋቅ። ልብሴን ጨብጬ አዳመጥኩ፤ እስከተፋቀ ድረስ ልጄ አለ። ከዚያ ቆመ። ሺራ መንገድ ላይ ናት። የጎረቤት ራዲዮ የሆነ ነገር ያወራል። ዝምታው ረዘመ፤ ልነሣ አልኩ፤ አልገባም ብዬ ግን ቃል ሰጥቻለሁ። እናቴን ጠራኋት፣ በልቤ፤ እሷም አልመለሰችልኝም።

«ኢማ።»

«ወዬ ልጄ።»

«እዚያ ነሽ?»

«አለሁ።»

«ዓይንሽ የት ጋ ይደርሳል? አንኳኪልኝ። ተሳስቼ ማያ ቀዳዳውን ከፍ አድርጌ ጀምሬው ነበር።»

ተነሣሁ። ጣውላው ፊት ቆምኩና በዓይኔ ትክክል በጣቴ አንኳኳሁ። ከወዲያ እሱም አንኳኳ፣ በግንባሬ ትክክል።

«እዚህ ጋ?»

«ዝቅ አድርገው። ሁሉ ሰው ያንተን ያህል ረጅም መሰለህ?»

ዝቅ አድርጎ አንኳኳ።

«እዚህ?»

«እዚያ ነው።»

«በይ ዞር በይ፣ ስንጥሩ እንዳይነካሽ።»

እሺ አልኩት። ግማሽ እርምጃ ብቻ ዞር አልኩ።